የአጎቴ ጀሶ

አጎቴ ግንበኛ ነበር። ስንጥቅ ባየበት ሁሉ ጀሶ ስለሚለጥፍ ሰፈሩ «አባ ጀሶ» የሚል ስም አውጥቶለት ነበር። በቀልዱ ከማንም በላይ የሚስቀው ራሱ ነው።

ምድር ቤት እንዲያይ ሲጠሩት አይቸኩልም። ደረጃውን ይወርድና ግድግዳውን በመዳፉ ይዳስሳል። እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ከላይ ወደ ታች የወረደ ስንጥቅ ከሆነ፣ «ልስኑ ሲደርቅ ተኮማትሮ ነው፤ ተዉት» ብሎ ይሄዳል። አግድም ከሄደና ግድግዳው ሆዱን ከነፋ ግን ፊቱ ይጠቁራል፤ ከኋላ አፈር እየገፋው ነዋ! የተጠራጠረ እንደሆነ፣ በስንጥቁ ላይ የጀሶ ልጥፍ ያሻግርና ዝናብ እስኪያልፍ ይጠብቃል። ጀሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው እየሄደ ነው፤ ካልተሰነጠቀ ቆሟል።

እህቱን፣ ማለትም አክስቴን፣ ያገባት ልብስ ሰፊ ነበር። የስፌት መኪናውን የተከለው በቤታቸው ምድር ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ይሰፋል። እዚያው ከጀርባው አግድም ስንጥቅ ታየ።

«ክረምቱ እስኪወጣ ወደ ላይ ውጣ» አለው አጎቴ።

«የት ልውጣ? ጣራ ላይ ተቀምጬ ልስፋ?»

«እንግዲያው ጀሶው ይፍረድ» አለና በስንጥቁ ላይ ልጥፉን አሻገረ።

«ያንተ ጀሶ? ክረምቱን ከከረመ ሱሪ በነፃ እሰፋልሃለሁ!»

አክስቴ አብራ ሳቀች፤ በወንድሟ መቀለዱ ግን ከንክኗታል።

ዝናቡ ሲያባራ አጎቴ መጣ። ጀሶው እንዳለ ነው። በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፤ ደረቅ፣ ለስላሳ።

«ቆሟል። ስፋ» አለ። «ሱሪዬን ግን አደራ!»

ልብስ ሰፊው እየሳቀ ወገቡን ለካው።

የመጨረሻው የክረምት ዝናብ ሲዘንብ አድሮ በነጋው ጠዋት፣ ግድግዳው በልብስ ሰፊው ላይ ተናደ። አፈሩን በአካፋ ዝቀን አስከሬኑን አወጣን። ሱሪው አንድ እግሩ ተሰፍቶ ከመርፌው ሥር ነበር።

ከቀብር መልስ አክስቴ ከወንድሟ አጠገብ ተቀመጠች።

«ጀሶህን እንኳ ጠብቄልህ ነበር፣ ወንድም ጋሼ» አለችው። «በተሰነጠቀ ቁጥር እየፈቀፈቅሁ በአዲስ እለጥፈው ነበር። ሥራው አይበረክትም ብሎ እንዳይስቅብህ...»

ከልጅነቷ ጀምሮ የእርሱን እጅ እያየች ያደገች ናት፤ ልጥፏ ከእርሱ ልጥፍ አይለይም።



«አልነገርሁሽም» አለ አጎቴ።

«ምኑን ነው ያልነገርከኝ?»

ነጠላዋን በትከሻዋ ላይ አስተካክሎላት ተነሣ።

ከዚያ ወዲያ «አባ ጀሶ» ሲሉት አይስቅም። ሥራውን ግን አልተወም። በየሰው ቤት ጀሶ ከመለጠፉ በፊት ቤተሰቡን ሁሉ፣ መቆም የሚያቅታትን አሮጊት ሳይቀር፣ ወደ ታች ያስወርድና፣ «ይህ ጥገና አይደለም። ሲሰነጠቅ ጥሩኝ እንጂ እንዳትነኩት» ይላል። አንድ በአንድም ያስደግማቸዋል። «ጃጀ፤ ያንኑ ይደጋግማል» እያሉ ያሙት ነበር።

በእህቱ ቤት ግን ያን ቃል እስኪሞት ድረስ አንድም ቀን አልተናገረውም።