ከማዋለጃ ክፍሉ ሥር

ባለቤቴን ደጋ ቀብሬ ወደ ጋምቤላ በተመለስኩበት ሰሞን፣ የምሠራበት ጤና ጣቢያ ማዋለጃ ክፍል በአንድ ጎኑ መስመጥ ጀምሮ ነበር። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ግድግዳው ስንጥቅ ነው። አየሁት፤ እጅ ያስገባል። ምንም አልመሰለኝም። ያኔ ምንም ነገር ምንም አይመስለኝም ነበር። ሰዎች "እግዜር ያጥናሽ" ሲሉኝ "አሜን" እላለሁ፣ ጓንቴን አጠልቃለሁ፣ ሥራዬን እቀጥላለሁ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ከትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ የመጣች እናት እያማጠች ሳለ ጉበኑ ተጣሞ በሩ አልከፈት አለ። አብራት የነበረችው ባልደረባዬ ናት፤ ኑዌር ነች፣ አዋላጅ ነርስ። ዘበኛው በሩን በትከሻው ገጭቶ እስኪከፍት ሕፃኑ ተወልዶ ይጮህ ነበር። በማግስቱ ክፍሉ ተዘጋና ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተከለልን።

መሐንዲስ መጣ፤ ጠና ያለ፣ ላቡን በፎጣ እየጠረገ የሚያወራ ሰው።

"ሲስተር፣ ቤቱ ጥፋት የለበትም። የውሃ መስመሩ ከሥር ሲያፈስ ኖሮ አፈሩን ጠርጎ ወስዶታል። መሠረቱ የተቀመጠው ባዶ ላይ ነው" አለኝ።

መስመሩ ተጠገነ። ከዚያ የመሐንዲሱ ሠራተኞች ወለሉን በመሰርሰሪያ በሱና በየቀዳዳው ቱቦ ከተው፣ በውሃ የቀጠነ ሲሚንቶ በፓምፕ ወደ ታች መግፋት ጀመሩ። መሐንዲሱ ግራውቲንግ ይለዋል። ስንጥቁ ላይ ስስ መስታወት ለጠፈና፣ ሰዎቹ ሁሉ ሥራ ላይ ስለነበሩ እኔን አቆመኝ።

"ወለሉ ከልክ በላይ ከተነሣ መስታወቱ ይሰበራል። ያን ጊዜ ጩሂልኝ።"

ቆምኩ። እግሬ ሥር ወለሉ ይንዘፈዘፋል። ስለ ምንም አላሰብኩም። ድንገት መስታወቱ ቀጭ አለ።

"አቁሙ!"

ፓምፑ ጸጥ አለ። ከቀብሩ ወዲህ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበርና የሌላ ሰው ጩኸት መሰለኝ። ባልደረባዬ ከድንኳኑ እየሮጠች መጣች።

"ምን ሆንሽ? አለቀስሽ?"

"አይ፣ መስታወት ነው የተሰበረው።"

ጉንጬን በመዳፏ ነካችው። ደረቅ ነው።

"አልቅሺ እንጂ እህቴ። እኛ ጋ ሰው ሞቶ ዝም አይባልም።"

"እሺ" አልኳት፣ ቀጠሮ እንደሚቀበል ሰው።

መሐንዲሱ ግፊቱን ቀንሶ፣ ቀዳዳ እየቀየረ በዝግታ ሞላው። መስመጡ ቆመ። ስንጥቁ ተለሰነ፣ በሩም በአዲስ ጉበን ተገጠመ።

ተመልሰን በገባንበት ቀን ሴት ልጅ ተወለደች። ባልደረባዬ ጠቅልላ ሰጠችኝ።

"ደስ አይልም?"

"ይላል" አልኩ። ደስ እንደሚል አውቃለሁ፤ ግን አልተሰማኝም። ሕፃኗን መዝኜ ለእናቷ አስታቀፍኳት።

ማምሻውን ኒውላንድ ሰፈር ያለው ቤቴ ገብቼ ጋውኔን አጠብኩ። አስጥቼው ደጃፌ ተቀመጥኩ። ሙቀቱ ቶሎ አደረቀው፤ አጣጥፌ አስቀመጥኩት።