ጥቁሩ መሰኪያ

ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ሀያም ስሙን የማታውቀው አንድ ደንበኛ አላት። መጀመሪያ የመጣው እንደ ሌሎቹ አስታማሚዎች የመጠየቂያ ሰዓት እስኪደርስ አረፍ ለማለት ነበር። ቡናማ ኮቱን በሙቀትም አያወልቅም። ፔርሙዙን እግሩ ሥር ያኖርና አሮጌ ላፕቶፑን ከፍቶ የቤተ ክርስቲያናቸውን የኳየር ቪዲዮ ከፍላሽ ይገለብጣል። ፍላሹን ሁልጊዜ የሚሰካው ጥቁሩ መሰኪያ ላይ ነው። ላፕቶፑም ሁልጊዜ ጥጉ ላይ ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ ሌላው፣ ሰማያዊው መሰኪያ ላይ ቢያደርጉት ይፈጥናል ይላል። ሰውዬው ያነበዋል፣ ይዘጋዋል፣ ከዚያ ምን ያህል እንደተገለበጠ የሚያሳየው አረንጓዴ መስመር ሲንፏቀቅ እያየ ይቀመጣል። ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም።

«ሰማያዊው ላይ ይሰኩት እንጂ» ትለዋለች ሀያም።

«ይሄም ያደርሳል፣ ልጄ።»

ዛሬ ስልክ ሊያናግር ወጣ ሲል አሳዘናትና ራሷ ነቅላ ሰማያዊው ላይ ሰካችና መገልበጡን እንደገና አስጀመረችለት። ሲመለስ አልቆ ጠበቀው። ላፕቶፑን እያየ ባለበት ቆመ።

«ምነው አፈጠንሽው?» አላት፣ ያለ ቁጣ።

ወዲያው የመጠየቂያው ሰዓት ደረሰና ምግብ የያዙት ሁሉ ወደ ሆስፒታሉ ተነሡ። እሱ ግን ተቀመጠ። የተገለበጠውን አጠፋና ፍላሹን መልሶ ጥቁሩ ላይ ሰካው።

«ጋሼ፣ ሰዓቱ እኮ ደረሰ» አለችና ፔርሙዙን ልታቀብለው አነሣችው። ባዶ ነበር።

«እሱን ተዪው» አላት ዓይኑን ከመስመሩ ሳያነሣ። «ከቤት ስወጣ እጄ ለምዶ ነው የሚይዘው።»