ሜርሲ የት ነው የምትበላው?

ነገሩ የተበላሸው ሶልያና ስልኳን የምግብ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ የቀዳችውን ድምፅ ስትከፍት ነው። ትናንት ከሰዓት፣ ናይሮቢ፣ ሩንዳ ሰፈር፣ እነሱ ቤት።

ሶልያና አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤቷ ያዘዛትን ጥናት እንዳግዛት የቀጠሩኝ እናቷ እትዬ ሂሩት ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከምኖርበት ከኢስትሊ የማታቱ ታክሲ ቀያይሬ እሄዳለሁ።

እኔ ደረጃ በደረጃ ነው የማስተምረው። መጀመሪያ በዓይንሽ ካየሽው ነገር ጥያቄ አውጪ። መልሱን ገምቺ። ከዚያ የሚመለከታቸውን ሰዎች አስፈቅደሽ፣ ለየብቻ፣ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቂ። መጻፍ መጨረሻ ነው።

ልጅቷም አወጣች... «አንድ ቤት የሚኖሩ ሰዎች ለምን ለየብቻ ይበላሉ?»

መጀመሪያ የእናትየው ድምፅ መጣ። «ሜርሲ እኮ ሠራተኛ አይደለችም፣ ቤተሰብ ናት። አብረን ነው የምንበላው።» እትዬ ሂሩት ፈገግ አሉ።

ቀጥሎ ኬንያዊቷ የቤት ሠራተኛ ሜርሲ... በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብላ፣ ምሳዋን ኩሽና ቆማ እንደምትበላ፣ ይህን ጠረጴዛ የምትነካው ስትወለውለው ብቻ እንደሆነ ተናገረች።

ከኩሽና የሳህን ድምፅ ይሰማል።

«ጥናት ማለት የሰው ገመና ማውጣት ነው እንዴ፣ የኔ እናት?» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። መፍትሔውንም ነገሩኝ። ይሄ ይጥፋ፣ ስለ ኢትዮጵያ ቱሪዝም ይሁን፣ ጊዜ ስለሌለ ደግሞ እኔው ልጻፍላት፣ እሷ አንብባ ታቀርበዋለች።

ሶልያና ወደ እኔ ዞረች። «ቲቸር፣ ሪሊ? ስቴፕ ዋን እንደገና?»

ደክሞኝ ነበር። እሺ ማለት ይቀለኝ ነበር። ግን «እኔ አልጽፍላትም» አልኩ። «ጥያቄዋ ጥሩ ነው፣ የማንንም ስም ሳትጠራ ትጨርሰው። ሜርሲንም እንዳይቀየሟት፣ የጠየቅናት እኛ ነን።»

በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ።

ገና ማታቱ ውስጥ እያለሁ ስልኬ ጮኸ። የሌላ ተማሪዬ እናት ናት፣ ከቸርች የምታውቀኝ። ልጆችን በወላጆቻቸው ላይ ታነሳሳለች መባሌን ከእትዬ ሂሩት ሰምታለች። ለጊዜው ይቅርብን አለችኝ... በጣም በትህትና፣ «ተባረኪ» ብላ።

ይቅርባቸው። ከእንግዲህ መልሱ አስቀድሞ በተመረጠበት ቤት ቁጭ ብዬ ልጅ ጥያቄ አላስወጣም፤ የልጅ ሥራ መጻፍማ ጭራሽ።