ቢሳድ ሻንጣዬ ውስጥ የወለደችበት ጠዋት

ወንድሞችና እህቶች፣ ጌታ የተመሰገነ ይሁን። መጋቢያችን ሦስት ሳምንት ሙሉ «ተነስና ተናገር» ሲለኝ አንገቴን ደፍቼ ነበር። ዛሬ ግን ማንም ሳይጠራኝ ተነሳሁ፤ ነገሩ ሆዴ ውስጥ አላስቀምጥ ብሎኛል።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ፤ እዚህ ጅቡቲ፣ ሀራሙስ ሠፈር አንድ ግቢ ጥበቃ ነኝ። ናጋድ ጣቢያ ከባቡር ስወርድ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ሐሳቤ ጥቂት ሠርቼ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያም ሳዑዲ መግባት ነበር። ስለ ጌታ ሲነግሩኝ እስቅ ነበር። እዚህ የተቀመጠው ወንድም ዳንኤል ምስክሬ ነው፤ ስንት ጊዜ በሬን ዘግቼበታለሁ።

ከዚያ አንገቴ ላይ እብጠት ወጣ። «የጥርስ ነው» ብዬ ተውኩት። ስተኛ ላብ ያጠምቀኝ ጀመር፤ ጅቡቲ ውስጥ የማያልበው ማን አለና ብዬ እሱንም ዝም አልኩት። በመጨረሻ ሐኪም ቤት ሄድኩ፤ ሐኪሙ ከእብጠቱ ናሙና ወስዶ አስጠራኝ። በፈረንሳይኛ የተናገረውን ነርሷ ወደ አማርኛ መለሰችልኝ፦ «የሊምፍ ካንሰር ነው ይላል። ይታከማል ይላል፤ ግን ሳታቋርጥ።» እኔ የሰማሁት ካንሰር የሚለውን ብቻ ነው።

ሁለት ጊዜ ኬሞ ወሰድኩ። ፀጉሬ ረገፈ፤ ውሃ እንኳ አልረጋልኝ አለ። ቤት ያከራዩኝ እትዬ ፋጡማ፣ ጨርቅ የሚነግዱ የድሬዳዋ ሰው፣ ሾርባ እየሠሩ በሬ ላይ ያስቀምጡልኛል። እኔ ግን ሰው ማየት አስጠልቶኝ ነበር። የማስገባው የግቢያቸውን ድመት ብቻ ነው። ሠፈርተኛው ቢሳድ ይላታል፤ በሶማልኛ ድመት ማለት ነው። ሳስመልስ ጎኔ ትቀመጣለች፤ እስክጨርስ ንቅንቅ አትልም።

ሦስተኛው ኬሞ ሲደርስ ቆረጥኩ። ሕክምናው ይቅር፣ ከሞትኩም መንገድ ላይ ልሙት አልኩ። ደላላ አናገርኩ፤ ጀልባው ወደሚነሳበት ወደ ኦቦክ የሚወስደኝ መኪና ተዘጋጀ። ጠዋት ክፍቱን ያደረውን ሻንጣዬን ልዘጋ ጎንበስ ስል፣ ቢሳድ ሸሚዞቼ ላይ ተኝታለች። ሆዷ ሥር አራት ልጆች።

እትዬ ፋጡማን ጠራኋቸው። «እባክዎ ያንሱልኝ፤ መኪና እየጠበቀኝ ነው» አልኳቸው።

አይተው ሳቁ። «አይ ልጄ፣ አራስ አትነሳም። የልጆቹ ዓይን እስኪገለጥ ጠብቅ» አሉኝ።

ደላላው ደጋግሞ ደወለ፤ አላነሳሁም። መኪናው ሄደ።

በማግስቱ ትንሿ ልጇ መጥባት አቃታት፤ ሌሎቹ ይገፏታል። እትዬ ፋጡማ ፋርማሲ ጠይቀው የሚስማማት ወተት አመጡ። እኔም መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ጠብ አደርግላት ጀመር። መዳፌ ላይ ሆና ትፍጨረጨራለች፤ ወተቱን ትተፋለች። «አትታገዪኝ እንጂ፤ ላድንሽ እኮ ነው። ይዤሻለሁ» አልኳት።

ወገኖቼ፣ ቃሉ ከአፌ ወጥቶ ወደ እኔው ተመለሰ። የምታገለው እኔ ነኝ፤ የተያዝኩትም እኔ ነኝ። «ጌታ ሆይ፣ እኔን ነው?» አልኩ። ከዚያ በላይ ጸሎት አላውቅም ነበር። ሳለቅስ ሳቄ ይመጣል፣ ስስቅ ልቅሶዬ ይመጣል። ክብር ለስሙ ይሁን።

በዚያው ሳምንት ወንድም ዳንኤል ሲያንኳኳ ከፈትኩለት። ሻንጣውን አየና «ልትሄድ ነው?» አለኝ።

«አዎ፣ ሐኪም ቤት። አብረን እንሂድ» አልኩት።

መንገድ ላይ ስለ ኢየሱስ ነገረኝ፤ እዚያው ታክሲ ውስጥ ልቤን ሰጠሁ። ስንጸልይ የሰማው ሾፌር ሳይቀር «አሚን» አለ። ሐኪሙ ስለዘገየሁ ተቆጣኝ። ስለ ድመቶቹ ስነግረው ግን «ይኑሩ፤ እጅህን ታጠብ፣ ቆሻሻቸውን ሌላ ሰው ያንሳ» አለ። እትዬ ፋጡማ «እኔ ምን ሠርቼ!» ብለው ያን ሁሉ ወር አነሱልኝ። ጌታ ይባርካቸው።

ቀላል ነበር አልላችሁም። መነሳት ሲያቅተኝ ግን አምስቱም ቁርስ ፍለጋ ደረቴ ላይ ይወጣሉ፤ ለእነሱ ስል እነሳለሁ። ጌታ በዚህም ይሠራል። ሃሌሉያ።

ባለፈው ሳምንት ሐኪሙ አዲሱን ምስል ደጋግሞ አየና አንድ ነገር ተናገረ። ነርሷ ሳትተረጉም ፈገግ አለች። «ምን አለ?» ስላት «የለም ነው የሚለው። አሁን ምንም አይታይም። ክትትሉን ግን እንዳትተው» አለችኝ። ለእናቴ ደወልኩ፤ እልልታዋን ኮሪደሩ ሁሉ ሰማው።

ይኸው ዛሬ ፊታችሁ ቆሜያለሁ፤ ምስጋና ለእርሱ። ከመካከላችን እብጠቱን የደበቀ፣ ሐኪም የፈራ፣ ጌታንም የሸሸ ካለ፣ ስንወጣ በሩ ላይ እጠብቀዋለሁ። ነገ ጠዋት አብረን እንሄዳለን። ጌታ ቀድሞን እዚያ አለ።