አያ ይመር በማን ስም ይመርቁኝ?

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት... እግሩ የተሰበረ ጓደኛዬን ልጠይቅ ከመርሳ ተነስቼ ወልድያ ሆስፒታል ደረስኩ። በእጄ ሙዝ አንጠልጥያለሁ። በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ የሚገባውንም የሚወጣውንም ያስቆማሉ።

«ልጄ፣ የደምህ ዓይነት ምንድነው?»

እኔ መርሳ ላይ የቀለምና የቧንቧ ዕቃ ሱቅ ነው ያለኝ። ሰው ስለ ቀለም ዓይነት ነው የሚጠይቀኝ። ቢሆንም የደሜን አውቃለሁ።

«ኦ ኔጌቲቭ።»

እጄን ያዙኝ። ከዚያ በኋላ አልለቀቁኝም።

አያ ይመር ይባላሉ፤ ከጉባ ላፍቶ ደጋ የመጡ ገበሬ ናቸው። ልጃቸው ሌሊቱን ወልዳ ደሟ አልቆም ብሏል። የሷ ደም በቀላሉ የማይገኝ ዓይነት ሆነና የሳቸውም የባሏም አልገጠመም። ይህን ሁሉ የነገሩኝ እየጎተቱኝ ነው።

መረመሩኝና ደም ሰጠሁ። መርፌ ስለምፈራ ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ ነው የጨረስኩት። ስወጣ አያ ይመር ለስላሳ ገዝተው አግዳሚው ላይ ጠበቁኝ።

«ለየትኛው ታቦት ተስለህ ነበር?»

«ለየትኛውም።»

አንገቴን አዩ። ማተብ የለም።

«ሙስሊም ነህ?»

«አይ።»

«ስምህስ?»

«ሁሴን ተስፋዬ።»

ወሎ ውስጥ ይሄ ስም ለጥያቄያቸው መልስ አይሆንም።

«ጴንጤ?»

«አይደለሁም አያ ይመር። ሃይማኖት የለኝም። ሰው ለሰው ነው ብዬ ነው የምኖረው።»

ይህን የነገርኳቸው ሰዎች ወይ ይቆጡኛል ወይ ያዝኑልኛል። እሳቸው ግን የጨነቃቸው ሌላ ነው።

«ታዲያ በማን ስም ልመርቅህ? እግዜር ይስጥልኝ ብልህ... ወደማታውቀው ቤት መላክ ሆነብኝ።»

«ግድ የለም። ልጅዎ ከተረፈች ይበቃኛል።»

ለስላሳውን እያዩ አሰቡ።

«ካልተረፈችስ? እኔ የማለቅስበት ደጅ አለኝ። አንተ ወዴት ትሄዳለህ?»

ተነስቼ መሄድ አቃተኝ። ጓደኛዬ ሲደውል «መጣሁ» እያልኩ እዚያው ቁጭ አልኩ። ሙዙን ከአያ ይመርና ከአማቻቸው ጋር በላነው። የልጅቷን ፊት እንኳ አላየሁም፤ ግን የማዋለጃ ክፍሉ በር በተከፈተ ቁጥር ብድግ እላለሁ።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ነርስ ወጣች። ዓይኗ በድካም ቀልቷል።

«ደሙ ቆሟል። ነቅታለች... ውኃ ስጡኝ ብላለች።»

አማቻቸው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አለቀሰ። አያ ይመር መሬት ሳሙ፤ እመብርሃንን አመሰገኑ። ሲነሱ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተስ ማንን ነው የምታመሰግነው?»

በእጄ ነርሷን አሳየኋቸው።

«እሱስ ልክ ነው» አሉ። ሄደው ፊቷ ቆሙና ጋቢያቸውን አደግድገው እጅ ነሱ።

«ኧረ አባባ፣ ምን ሆኑ?»

«ያ ልጅ ነው የላከኝ። እኔ አንቺን ሳላመሰግን ወደ ላይ አለፍኩ።»

ነርሷ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠርጋ ተመልሳ ገባች።

ወደ ጓደኛዬ ልሄድ ስነሳ አያ ይመር እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ። ቃል ሲፈልጉ ቆዩ።

«ሰው አያሳጣህ» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለማርያምም ለብቻዬ እነግርልሃለሁ። አንተ አትስማ።»

አልሰማሁም... አሜን ግን ብያለሁ።