በወይራ የታጠነ ጠርሙስ

የምሠራበት የአካባቢ ምርምር ማዕከል ከውጭ ሲያዩት ምኑም አያምርም። አጥሩ የብሎኬት ነው፣ የብረት በሩ ዝጓል፣ ወደ ቂሊንጦ የሚመላለሱት የፋብሪካ ሰርቪሶች የሚያስነሱት አቧራ ደግሞ ግድግዳውን ከመንገዱ ጋር አንድ ቀለም አድርጎታል። አንድ ባጃጅ ነጂ «እዚህ ግቢ ምንድን ነው የምትሠሩት?» ሲለኝ «ውሃና አፈር እንመረምራለን» አልኩት። «መሬት ልትወስዱ ነዋ» አለና ሂሳቡን ተቀብሎኝ ሄደ። እኔ ግን ያንን ግቢ እወደዋለሁ። የሰው ልጅ አስቦ ከሠራቸው ነገሮች በዐይኔ ያየኋቸው ትልልቆቹ እዚያ ውስጥ ናቸው። ይህን ስል ባለቤቴ ይስቅብኛል፤ ይሳቅ።

ሥራዬ ናሙና ማዘጋጀት ነው። ከወንዝ፣ ከጉድጓድ፣ ከማሳ የመጣውን ተቀብዬ ማሽኖቹ እንዲያነቡት አድርጌ አቀርባለሁ። ሚዛናችን በመስታወት ሣጥን ውስጥ ነው የሚኖረው፤ አጠገቡ ሰው ከተነፈሰ ቁጥሩ ይንቀጠቀጣል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ማሽኖቹ ትንፋሽ እንዳያጥራቸው የሚይዟቸው ባትሪዎች አንድ ሙሉ ክፍል ይዘዋል። ከሁሉም የማደንቀው ግን ጋዝ ክሮማቶግራፉን ነው። ስሙ ይከብዳል እንጂ ሥራው ሲነግሩት ቀላል ነው። ከውሃው ለይተን ያወጣነውን ነገር በሙቀት ያተንነውና እንደ ፀጉር በቀጠነ ረጅም ቱቦ ውስጥ ያስሮጠዋል። ሁሉም በየፍጥነቱ ሮጦ በየተራው ይወጣል፤ በወጣ ቁጥር ስክሪኑ ላይ አንድ ሹል ጉብታ ይሥላል። የተደባለቀው ሁሉ ተለይቶ ይሰለፋል። እኔ አሁንም ድረስ ቆሜ አየዋለሁ፤ ሥራ ፈትታ ነው የሚሉኝም አሉ።

ልጄ ምግብ ሊጀምር ሲል ከእናቴ ጋር ተጣላን። እናቴ ልጄን ልትይዝልኝ ተስማምታለች፤ የምትኖረው አቃቂ፣ ተወልጄ ባደግኩበት ቤት ነው። ግቢው ውስጥ አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሰፈሩ ገና ማሳ ሳለ በዶማና በአካፋ የቆፈረው የውሃ ጉድጓድ አለ። ከዚያ በኋላ ማሳው ቤት ሆነ፣ ቤቱ የሚከራይ ሰርቪስ ቤት ወለደ፣ ቧንቧም ገባ። ቧንቧው በጠፋ ቁጥር ግን ሰፈሩ ጀሪካኑን ይዞ የሚሰለፈው እናቴ በር ላይ ነው። አንድም ሰው ባዶውን መልሳ አታውቅም። ጉልበቷን ሲያማት እንኳ ገመዱን ራሷ ነበር የምትስበው።

ለልጁ ገንፎ የታሸገ ውሃ ገዝቼ ስመጣ እናቴ ጠርሙሶቹን አየቻቸው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«እናንተን ሁሉ ያሳደገ ውሃ ነው። ለአንቺ ልጅ ሲሆን መርዝ ሆነ?»

«መርዝ ነው አላልኩም እማዬ። ይታይ ነው ያልኩት።»

«ይታይ። ደህና ከሆነ ልጁ ከአያቱ ጉድጓድ ይጠጣል፣ አንቺም ሁለተኛ ይህን ነገር አታነሺብኝም።»

«ደህና ካልሆነስ?»

«ካልሆነማ አይጠጣም» አለች፣ የማይሆን ነገር እንደጠየቅኳት ሁሉ።

በማግስቱ ከላብራቶሪ ያመጣሁትን ቡናማ ጠርሙስ ሰጠኋት። በነጋታው ጠዋት ልጁ ሲያለቅስ፣ እኔ ታክሲ እንዳያመልጠኝ ስጣደፍ፣ ሞልታ ክዳኑን አጥብቃ በፌስታል ጠቅልላ አቀበለችኝ። መሥሪያ ቤት ስደርስ ናሙና ሁሉ ቁጥር እንጂ ስም የለውምና ቁጥር ለጥፌበት ከሌሎቹ ጋር አሰለፍኩት። የማን እንደሆነ ለማንም አልተናገርኩም።

ከሰዓት በኋላ የክፍላችን ኃላፊ ጠራችኝ። ኬሚስት ናት፤ በዕድሜ ብዙም አትበልጠኝም፣ ትዕግሥቷ ግን የእኔን ዐሥር እጥፍ ነው። ስክሪኑ ላይ ጉብታዎቹ ተደርድረዋል።

«ይሄ ውሃ ከየት ነው የመጣው? ጭስ ውስጥ የሚገኙ ነገሮች ሞልተውበታል። ጉድጓዱ አጠገብ እንጨት ወይም ከሰል የሚያነድ ፋብሪካ አለ?»

ክው አልኩ። በሰፈራችን ዙሪያ ያለው የፋብሪካ ዓይነት ቶሎ ቶሎ በሐሳቤ መጣ። እናቴ ከዚያ ጉድጓድ ስትጠጣ የኖረችበት ዘመንም መጣ። «የእናቴ ነው» አልኩ።

ላብራቶሪ ውስጥ ማሽተት ክልክል ነው፤ ክልከላውን ግድግዳው ላይ የለጠፈችውም እሷው ናት። ቢሆንም የተረፈውን ውሃ ክዳኑን ከፈተች፣ በእጇ ወደ አፍንጫዋ አራገብ አደረገችው፣ ግንባሯን ቋጠረችና ለእኔ ሰጠችኝ። አሸተትኩት። ቤታችን ሸተተኝ። የልጅነቴ ወተት፣ የእናቴ ቅል፣ ሁሉም እዚያ ጠርሙስ ውስጥ አለ። በእኛ ቤት በወይራ ጭስ ያልታጠነ ዕቃ ውስጥ ወተት አይገባም።

ስልክ ደወልኩላት። «እማዬ፣ ጠርሙሱን አጥነሽዋል?»

«ታዲያስ። ምንም ምንም አይሸትም እኮ። ለትልቅ መሥሪያ ቤት የሚሄድ ውሃ ባልታጠነ ዕቃ ልላክ?»

ኃላፊያችን መሳቄን እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ነገሩን ስነግራት ግን እሷ አልሳቀችም፤ ዞራ ስክሪኑን እንደ አዲስ ማየት ጀመረች። ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ተርፎ ውሃው ውስጥ የገባው ጭስ ምን ያህል ሊሆን ይችላል? ከምንም አይቆጠርም። ማሽኑ ግን አላለፈውም፤ በየዓይነቱ ለይቶ አሰልፎታል። በዚያች ሰዓት በዚያ ማሽን የተሰማኝን ኩራት ልጄ ሲወለድ ብቻ ነው የማውቀው፤ ማጋነኔን አውቃለሁ።

«ይሄን ናሙና ጣይው» አለችኝ። «ሌላ ራስሽ ቅጂ። እናትሽንም ይዘሻቸው ነይ።»

እናቴ አዲሱን ነጠላዋን ለብሳ መጣች። ጠዋት ከጉድጓዱ ውሃውን ስቀዳ አጠገቤ ቆማ «ሳይታጠን?» ብላኝ፣ «ሳይታጠን» ስላት ከንፈሯን መጥጣ ነበር። በሩ ላይ ነጭ ጋዋን ስናለብሳት ግን ፊቷ ፈካ። ሁሉንም ጠየቀች። ግድግዳው ላይ በሰንሰለት የታሰሩትን የጋዝ ሲሊንደሮች አይታ «ምን አጥፍተው ነው የታሰሩት?» አለች። ጭስ የሚስበውን የመስታወት ቁም ሣጥን ስናስነሳላት እጇን አስገብታ ነፋሱን ዳሰሰችና እንዲህ ያለ ነገር ጓዳዋ ቢኖር ዐይኗ እንደማይጠፋ ነገረችን። ሚዛኑ ላይ ከነጠላዋ የወደቀች ክር አስቀመጥንላት፤ ቁጥር ሲወጣላት ትንፋሿን ውጣ «ያ ዋቃ» አለች። ስትገረም ኦሮምኛዋ ይቀድማል።

ውሃ የሚያጣራው ማሽን ጋ ስንደርስ ልትቀምስ ፈለገች።

«ይሄ እንኳ አይጠጣም እማማ» አለች ኃላፊያችን። «ከመጠን በላይ ንጹሕ ነው።»

«ታዲያ ለማን ነው የምታጣሩት?»

«ዕቃ እናጥብበታለን።»

እናቴ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። እኔም ኮርኒሱን አየሁ።

ከዚያ ወንበር አመጡላትና ኃላፊያችን ሦስት የመስታወት ቱቦዎች ፊቷ ደረደረች። «አንደኛው አሁን ያዩት የተጣራ ውሃ ነው። መሐለኛው የቧንቧ ነው። ይሄኛው የእርስዎ ጉድጓድ ነው። ሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት ዱቄት እጨምራለሁ። ለሕፃን የማይሆነው ነገር ካለ ውሃው ይቀላል፤ በበዛ ቁጥር ይብሳል።» ጨመረች፣ ነቀነቀች፣ ጠበቅን። አንደኛው ውሃ እንደሆነ ቀረ። መሐለኛው ቀላ ማለቱን ለማወቅ ነጭ ወረቀት ላይ ማስጠጋት ነበረብን። ሦስተኛው የተቀቀለ ቀይ ሥር ውሃ መሰለ።

እናቴ ሦስቱን ቱቦዎች በየተራ አየቻቸው። «ድገሚው» አለች በመጨረሻ።

ኃላፊያችን አልከፋትም። አዲስ ቱቦ አወጣች፣ ውሃውን እናቴ ራሷ እንድትጨምር ጠርሙሱን አስያዘቻት። እንደገና ቀላ። ቀለሙን በብርሃን የሚያነበው ማሽን ውስጥ ስታስገባው የወጣውን ቁጥር አይቼ አንገቴን ደፋሁ።

«ናይትሬት ይባላል» አለቻት፣ አጎንብሳ። «ከመጸዳጃ ጉድጓዶች ወደ መሬት እየሰረገ ይመጣል፤ ቤት ሲበዛ ይበዛል። ሕፃን ላይ ደሙ አየር እንዳይሸከም ያደርጋል።»

«ብናፈላውስ?»

«ማፍላት አያጠፋውም፤ እንዲያውም ያባብሰዋል። ለእርስዎም ቢቀር ይሻላል።»

እናቴ ቱቦውን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ አየችው። «እሱ ሲቆፍረው ነበረበት?»

«እሳቸው ሲቆፍሩት ዙሪያው ማሳ ነበር እኮ። አይመስለኝም» አለች ኃላፊያችን፤ አባቴ እንዴት እንደቆፈረው ነግሬያት ነበር።

«እንግዲያው የእሱ ጥፋት አይደለም» አለች እናቴ። ቱቦውን መልሳ አስቀመጠች፣ ጋዋኗን አውልቃ አጥፋ ሰጠች፣ ኃላፊያችንን ጉንጯን ስማ መረቀቻት።

ባጃጅ ውስጥ መንገዱን ስታይ መጣች። ክርክሩን ያሸነፍኩት እኔ ነበርኩ፤ ያሸነፍኩ ሳይሆን የተቀጣሁ ነበር የመሰለኝ። እንድትቆጣኝ እየጠበቅኩ ነበር፤ ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር። ሰፈር ስንደርስ ወደ ቤት አልገባችም። ጥግ ላይ ወዳለው ሱቅ ሄደች። ባለሱቆቹ ከስልጤ የመጡ ባልና ሚስት ናቸው፤ ሚስትየው አራስ ናት። በጠዋት ከእኛ ጉድጓድ የተሞላው ጀሪካን ባንኮኒው ሥር ተቀምጧል።

«ልጄ» አለቻት እናቴ፣ «ለልብስ ውሰጂ፣ ለወለል ውሰጂ። ለልጅሽ ግን ከእኔ ቤት ውሃ አትውሰጂ።»

ሴትዮዋ ደነገጠች። ያስቀየመቻት መስሏት ነው። «ምን አጠፋሁ እማማ?»

«አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ውሃው ለሕፃን አይሆንም። ማሽን ላይ ታየ፤ ሲቀላ እኔም አየሁት። ሁለት ጊዜ።»

ይህን ስትናገር አንገቷን አልደፋችም። እኔ ግን ዐይኔ ሞላ፤ እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የሰጠችውን ነገር በገዛ አፏ ስትከለክል መስማት አልቻልኩም። እናቴ ጀሪካኑን አንስታ ቦይ ላይ ደፋችው፣ አራግፋ መለሰችላት፣ ከዚያም የነጠላዋን ጫፍ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ የሚቀጥለውን በር አንኳኳች። እዚያም ሕፃን ነበር።