ከእግር ሥር የተነጠፈ ደብዳቤ

ካፌያችን ውስጥ «አስለቃሹ» የምንለው ወዳጅ አለን። ሥራው ለአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የእርዳታ መጠየቂያ ደብዳቤ መጻፍ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲጽፍ ከተማው ውስጥ ደረቅ መሐረብ ጠፍቷል። አንድ የሲሚንቶ ነጋዴ መጋዘኑ ውስጥ ቆሞ ቢያነበው፣ እንባው አሥር ኩንታል ሲሚንቶ አቡክቶ ድንጋይ አደረገበት ይባላል። እኔ ማጋነን ስለማልወድ ስምንት ነው እላለሁ።

ዘንድሮ ግን አስለቃሹ ነጠፈ። የመጦሪያው የከተማ ቢሮ ሥራ አስኪያጅ አዲሱን ደብዳቤ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ፣

«ይሄ ጨው የለውም» አለችው። «ለመሆኑ ከአረጋውያኑ አንዱን እንኳ በዓይንህ አይተህ ታውቃለህ?»

«በፎቶ።»

«ነገ መጦሪያው ሄደህ ሥራ። እስከ ዓርብ ነፍስ ያለው ደብዳቤ ካላመጣህ ጠረጴዛህን ለሌላ ጸሐፊ እሰጣለሁ።»

በማግስቱ ከረባቱን አስሮ ሄደ። ነርሷ ከላይ እስከ ታች አየችውና ለብ ያለ ውሃ በሳፋ፣ ፎጣና አንድ የጥፍር መቁረጫ አስታቀፈችው።

«መቁረጫውን ጠንቀቅ፤ ያለን እሱ ብቻ ነው። ሃያ ስድስት ሰው ይጠብቀዋል።»

አስለቃሹ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ «ክብር» የሚለውን ቃል ሺህ ጊዜ ጽፏል። «ጥፍር» የሚለውን አንዴም አልጻፈም።

መስኮቱ አጠገብ የተቀመጡ አንዲት እማማ እግራቸውን ዘረጉለት። ቁርጥራጩ እንዳይበተን ወለሉ ላይ ወረቀት ተነጥፏል። እንደ ቀንድ የጠጠረው የመጀመሪያው ጥፍር ተፈናጥሮ ከረባቱ ላይ ተሰካ። ሁለተኛውን ሊለቅም ሲያጎነብስ ወረቀቱን አወቀው፤ የአምናው ደብዳቤው ትራፊ ነው። ከላዩ በመስኮት የሚመለከቱ አሮጊት ፎቶ አለ። ቀና ሲል እኚያው አሮጊት ፊት ለፊቱ ተቀምጠዋል።

«እኔ ነኝ አይደል?» አሉ። «ዓይኔ ፊደሉን አይለይልኝም እንጂ ፊቴንስ አውቀዋለሁ። ምን ይላል?»

«ስለ... ስለ አየሩ ጠባይ ነው፣ እማማ።»

«ልጄ፣ እግሬ እኮ በእጅህ ነው። ስትዋሽ ጣትህ ይንቀጠቀጣል።»

አማራጭ ሲያጣ አነበበላቸው። «ማንም የሌላቸው እኚህ እናት፣ በመስኮት በኩል ሞታቸውን ይጠባበቃሉ።»

እማማ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«ሞት በመስኮት ነው እንዴ የሚመጣው? በሩ ምን አለው?» አሉ። «እኔ የማየው ማዶ ያለውን ልብስ ስፌት ቤት ነው። አርባ ዓመት የሰፋሁ ሴት ነኝ። ያቺ ልብስ ሰፊ ኮሌታ ስታጣምም እያየሁ አንጀቴ ሲያርር ይውላል! ሄጄ እንዳልነግራት በዚህ ጥፍር የተነሳ ጫማ ካደረግኩ ስምንት ወር አለፈኝ።»

ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «ማንም የላትም ያልከው እውነት ነው። ግን አገር ሁሉ እንዲያውቅብኝ አልፈለግኩም ነበር።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ» አለ አስለቃሹ። እንባው ሳፋውን ሞልቶ ፈሰሰ ብል ደስ ባለኝ። እዚህ ላይ ግን አላጋንንም፤ ሁለት ጠብታ ነው።

«ይቅርታህን ትንሿ ጣቴ ላይ አሳየኝ። የምታመኝ እሷ ናት።»

ትንሿ ጣት ሩብ ሰዓት ፈጀች። ሲጨርስ እማማ እጃቸውን አንገቱ ላይ ሰደድ አድርገው ኮሌታውን ዳሰሱ። «ይሄም የዚያች ልብስ ሰፊ ሥራ ነው» ብለው አቃኑለት።

ሐሙስ ረቂቁን ይዞ ተመለሰ፤ እሳቸው ሳይሰሙት ሊልከው አልደፈረም። «ሞት» የሚለው ወጣ። «ማንም የላቸውም» የሚለውም ወጣ። በመጨረሻ የቀረው ይህ ብቻ ነበር፦ «እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሃያ ስድስት ሰዎች ነን፤ የጥፍር መቁረጫችን አንድ ነው። ጫማ አድርጌ መንገድ መሻገር እፈልጋለሁ።»

ዓርብ ሥራ አስኪያጇ አንብባ አላለቀሰችም። ጎንበስ ብላ የገዛ ጫማዋን ስታይ ቆየችና «ይላክ» አለች።

ከዚያማ መቁረጫ ዘነበ። የሲሚንቶው ነጋዴ ሳይቀር ክንድ የሚያህል የፌሮ መቁረጫ ላከ፤ ነርሷ «ይሄ ደግሞ ለዝሆኑ ነው?» ብላ አጥር ጥገና ላይ አዋለችው። አስለቃሹም ጠረጴዛውን አልተነጠቀም። ሐሙስ ሐሙስ ግን ካፌ አይመጣም፤ ሳፋ ይዞ ይውላል።

ባለፈው ሐሙስ እማማ ጫማቸውን አድርገው፣ ክንዱን ተደግፈው መንገዱን ተሻገሩ። ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ቀና አለች።

«ምን ልታዘዝ፣ እማማ?»

«ምንም» አሉ ወንበር እየሳቡ። «መቀሱን ወዲህ በይ።»